ሸንተረሩን እስኪሻገሩ

የአገሩን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ የዚያ አገር ሰዎች «ስማችንን አጠፋ» ብለው ይቀየሙኛል፤ እናንተም «አውቃታለሁ፣ አክስቴ እዚያ ናት» ማለታችሁ አይቀርም። ብቻ ማሽላ የሚበቅልባት፣ ከማሽላው በላይ ገደል፣ ከገደሉ በላይ ደግሞ ሸንተረር ያለባት አገር ናት። ገደሉ ላይ ዝንጀሮዎች ይኖራሉ። ከእኛ በፊት ነበሩ ይባላል፤ እነሱም ይህንን የሚያምኑ ይመስለኛል።

እኔና ባለቤቴ ውባለም የምናርሰው መሬት ገደሉ ሥር ነበር። እሷ ከአባቷ ከአያ ቢምረው ወረሰችው፤ እኔ ደግሞ እሷን ሳገባ ደረሰኝ። ዝንጀሮ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያገኘው የእኛን ማሽላ ነው።

በአያ ቢምረው ዘመን ሰው ማሳውን በእሾህ ያጥር፣ ማማ ላይ ወጥቶም እየተፈራረቀ ይጠብቅ ነበር። ነብሬ የሚወጣው አጥሩን ጥሶ የገባ ዝንጀሮ ሲኖር ብቻ ነው። ነብሬ ማለት አፈ ሰፊ ገንቦ ነው። አፉ ላይ ቆዳ ይወጠራል፣ በቆዳው መካከል ጅማት ያልፋል። ጅማቱን ሰም ቀብተው ሲስቡት ገንቦው ከሆዱ እንደ ነብር ያጉረመርማል። ዝንጀሮ ከነብር በቀር የሚፈራው ነገር ስለሌለ ያንን ሲሰማ ነፍሴ አውጪኝ ብሎ ይሮጣል።

ነብሬ አንድ ሕግ ነበረው። የጀመረ ሰው አያቋርጥም። ዝንጀሮው ከማሳው ስለወጣ በቃ አይባልም፤ ገደሉን ስለወጣም በቃ አይባልም። የመጨረሻው ዝንጀሮ ሸንተረሩን እስኪሻገር ድረስ መሳብ ነው። «ገደሉ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ዝንጀሮ ተማሪ ነው» ይሉ ነበር አያ ቢምረው። እኛ በሽምግልና የመጣ ቀልድ መስሎን እንስቅ ነበር።

ነብሬ ደግ ነገር ስለሆነ ሰው ወደደው፤ የወደድነውን ነገር በልክ መያዝ ደግሞ አልፈጠረብንም። መጀመሪያ አጥሩ ቀረ። ነብሬ እያለ በእሾህ መወጋት ሞኝነት ነው ተባለ። ቀጥሎ ማማዎቹ ፈርሰው ማገዶ ሆኑ። ነብሬ ገበያ ወጥቶ እንደ ሽንኩርት ይቸረቸር ጀመር፤ ሻጩ «ለመሆኑ ዝንጀሮ አይተሃል?» ብሎ የሚጠይቅ አይደለም። ጭልፊት ጫጩት ሊወስድ ሲያንዣብብ ነብሬ ይሳባል። ጭልፊት የነብርን ድምፅ ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ሆኖም ሰው አንድ ነገር ያደረገ ሲመስለው ልቡ ያርፋል። ልጅ አልተኛ ሲል ነብሬ ይሳባል። ዝናብ ሲዘገይም የሳቡ አሉ።

ከሁሉም የባሰው ጎረቤታችን ጓንጉል ነበር። ጓንጉል በሬ አድላቢ ነው። አንድ ቀን ግርግሙ አጠገብ ነብሬ ሲሳብ በሬዎቹ ደንግጠው ጭዳቸውን ቶሎ ቶሎ ሲውጡ አየ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ነብሬ፣ ቀትር ነብሬ፣ ማታ ነብሬ ሆነ። በሬዎቹ እየተንቀጠቀጡ ሰቡ። ይህንን ያየ ባለ በሬ ሁሉ ተከተለውና ከአገሩ ነብሬ የሚበዛው ከዝንጀሮ ጋር ተያይቶ የማያውቅ ሆነ።

ማሳ ላይ የሚስቡትም ቢሆኑ ዝንጀሮው ዘወር ሲል ጅማቱን ለሌላ ቀን ይቆጥቡታል። ቆጣቢ ሕዝብ ነን። ዝንጀሮዎቹ ገደሉ ጫፍ ላይ ተደርድረው፣ አንዱ የአንዱን ቅማል እየለቀመ ያዳምጣሉ።

አምና እሸቱ እንደደረሰ አንድ አንካሳ አውራ ዝንጀሮ ወረደ። ውባለም ነብሬ ይዛ ወጣችና ሳበች። አንካሳው ቆመ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ ሰማ፣ ከዚያ አንድ የማሽላ ራስ ቆርጦ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብሎ በላ። በልቶ ሲጨርስ እጁን ዘርግቶ ገንቦውን መታ መታ አደረገው፤ ሰው የደከመ በቅሎ እንደሚያባብል። ወዲያው ሌሎቹ ወረዱ። ያን ዓመት የተረፈን ለዘር የሚሆን ብቻ ነበር።

በዚያ አገር ዘር ያጣ ሰው መሬቱን ዘር ላለው ጎረቤት ለቅቆ ይሄዳል። ሕጉ የቆየ ነው፤ ማንም ክፉ ነው ብሎ አያስበውም። «ዘንድሮም ከበሉን» አለችኝ ውባለም የመጨረሻውን ዘር ስንዘራ፣ «አባዬ የተቀበረበትን መሬት የጓንጉል በሬ ይረግጠዋል።» ፈራሁ። በጣም ነው የፈራሁት።

የሚገርመው አገሪቱም ፈራች። በየቦታው ነብሬ እየተሳበ ማሳ መበላቱ ተሰማና ነገሩ አገር አቀፍ ሆነ። አገር አቀፍ የሆነ ነገር ደግሞ ሸንጎ ይቋቋምለታል። የባለማሳዎች ተወካይ ሆኜ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። የተመረጥኩበት ምክንያት ኮት ስለነበረኝ ነው።

ሸንጎው በዋናው ከተማ ተሰበሰበ። የአዝመራ ሹም «የሚበላው ማሽላ ነውና ሰብሳቢው እኔ ነኝ» አሉ። የከብት ሹም «ነብሬ የሚበዛው በእኔ በሬዎች ዘንድ ነው፤ ስለዚህ ሰብሳቢው እኔ ነኝ» አሉ። የገበያ ሹም «ሁለታችሁም የምትገዙት ከእኔ ነው» አሉ። መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ ይባላል። ዝንጀሮ ያለችው አንድ ጊዜ ነው፤ እነሱ ግን ምሳ እስኪደርስ አሉት። በመጨረሻ ራስጌ የሌለው ክብ ጠረጴዛ እንዲሠራ ተወሰነ። ጠረጴዛው ሲመጣ በበሩ አልገባ አለና ግድግዳው ፈርሶ ገባ። ይህ የሸንጎው የመጀመሪያ ውጤት ተብሎ ተጨበጨበ። ለእኔ ወንበር ስላልተያዘልኝ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ።

እጄን አወጣሁ። «ክቡራን፣ አጥሩን ብንመልሰውስ? ያልገባ ዝንጀሮ ነብሬ አያስፈልገውም።»

«አጥር ከምን ይሠራል?» አሉኝ የአዝመራ ሹም።

«ከእሾህ፣ ጌታዬ።»

«እሾህ ዛፍ ነው። ዛፍ የደን ሹም ነው።»

«የደን ሹም የት አሉ?»

«አልተጠሩም። ጉዳዩ የዝንጀሮ ነው እንጂ የዛፍ አይደለም።»

ማማውንም አነሳሁ። ማማ ግንባታ ነው ተባልኩ። የጓንጉልን በሬዎችም አነሳሁ። የከብት ሹም ዞረው አዩኝና «ባለ በሬዎች በፈቃዳቸው ቀነስ እንዲያደርጉ ይመከራሉ» አሉ። በኋላ ጓንጉል ተመክሮ ቀንሷል፤ ቀትር ላይ እሱ ራሱ ሲያንቀላፋ መሳቡን ይተው ነበር።

ቀጥሎ ዝንጀሮ የሚከታተሉ ታዛቢዎች ተመደቡ። ገደሉ ሥር ለታዛቢ የሚመጥን ማደሪያ ስላልተገኘ ከዋናው ከተማ ሆነው እንዲታዘቡ ተደረገ። ሪፖርታቸው ሲነበብ ሰምቻለሁ። «በታዘብንበት ሁሉ አንድም ዝንጀሮ አልታየም» ይላል። የአዝመራ ሹም ተነስተው የታዛቢዎቹን አለቃ ጨበጡት።

ዕቅድም ተጻፈ። ሽፋኑ ላይ ነብር ተስሏል፤ ሠዓሊው ነብር አይቶ ስለማያውቅ ኩፍኝ የያዘው ጥጃ ይመስላል። ውስጡን አገላብጬ ሳየው በየመስመሩ «ይጠናከራል» ይላል። ማን እንደሚያጠናክረው ፈልጌ አጣሁ። ልጠይቅ እጄን ሳወጣ ለዛሬ በቃን ተባለ።

ከዕቅዱ ውስጥ በሥራ ላይ የዋለው የነብሬ ሳምንት ነው። አስተማሪዎች በየመንደሩ እየዞሩ ነብሬ ያለ አግባብ እንዳይሳብ ሕዝቡን እንዲያነቁ ተላኩ። ወደ እኛ የመጣው አስተማሪ ድምፀ ጥሩ ሰው ነበር። ገንቦውን ጭኑ ላይ አስቀመጠና «እንዲህ አትሳቡ!» ብሎ ይስባል። «በጭልፊትም አትሳቡ!» ብሎ እንደገና ይስባል። «ጀምራችሁ አታቋርጡ!» ይልና ስቦ ያቋርጣል፤ ጊዜ ስለሌለው። ሕዝቡ አረም ላይ ስለነበር የመጣው ጥቂት ነው። ዝንጀሮዎቹ ግን ግልገሎቻቸውን ሳይቀር አዝለው ገደሉ ጫፍ ላይ ተገኝተዋል። ትምህርቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተከታተሉት እነሱ ናቸው።

ቤቴ ስመለስ ውባለም ማሳውን በእሾህ እያጠረች አገኘኋት። ክንዷ ተቧጭሮ ደም ቋጥሯል።

«እህ፣ ምን ተባለ?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ይጠናከራል ተባለ።»

«ምኑ?»

«ሁሉም ነገር።»

«በል እንግዲያ ኮትህን አውልቅና ያንን ጫፍ ያዝልኝ። ከዚህ እናጠናክር።»

አጠርን፣ ማማም አቆምን። ነገር ግን የጓንጉል ማሳ ከእኛ ጋር ኩታ ገጠም ነው፤ ወሰን ላይ ደግሞ ያለ ጎረቤት ፈቃድ አይታጠርም። እሱ ስላላጠረ ዝንጀሮዎቹ በእሱ በኩል ዞረው ይገባሉ። ሄጄ ለመንኩት።

«ጓንጉልዬ፣ ስለ አምላክ፣ በዚህ በኩል ብቻ እንጠር። እሾኹን እኔ እቆርጣለሁ።»

«አጥር ለምኔ ወዳጄ?» አለኝ ግርግሙ ላይ ጅማቱን እየሳበ። «እኔ ነብሬ አለኝ።»

ጣሪያው ላይ አንዲት ዝንጀሮ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ ተኝታ ነበር። ላሳየው አልኩና ተውኩት። ቢያያትም ነብሬ መሳቡ ነው።

አንድ ተስፋ ቀርቶን ነበር፤ አንበሴ። አንበሴ እንደ ነብሬ በጅማት የሚሳብ፣ ከግንድ የተፈለፈለ ነው። ድምፁ ከነብሬ ይከብዳል፣ ዝንጀሮዎቹም ሰምተውት አያውቁም። በአገሩ ያለው አንድ ብቻ ሲሆን ሸንጎው ሣጥን ውስጥ በሦስት ቁልፍ ቆልፎ ለክፉ ቀን አስቀምጦት ነበር። ሦስቱ ሹሞች አንድ አንድ ቁልፍ ይዘዋል። እውነቱን ለመናገር ሸንጎው ከሠራው ሁሉ ብልህ ሥራ ብዬ ያመሰገንኩት ይህንን ነው።

ማሽላው ራስ ያዘ፣ እሸት ሆነ። ዝንጀሮዎቹ በየቀኑ ይወርዱ ጀመር። ውባለም ማማው ላይ ወንጭፍ ይዛ ትውላለች፤ ድምፅዋ ከመጮህ ብዛት ጠፍቶ በጥቅሻ ነበር የምንነጋገረው። እኔ ኮቴን ለብሼ ወደ ዋናው ከተማ ወጣሁ።

«ክቡራን፣ ክፉው ቀን መጥቷል» አልኩ።

«ክፉ ቀን መሆኑን ማን አረጋገጠ?» አሉኝ የገበያ ሹም።

«ባለቤቴ።»

«ባለቤትህ ምንድን ናት?»

«ማማ ላይ ናት።»

ተያዩ። የታዛቢዎቹ ሪፖርት እንደገና ተነበበ፤ ዝንጀሮ አልታየም። ቢሆንም ስለለመንኩ፣ ምናልባትም መስኮቱ ደፍ ላይ ስላለቀስኩ፣ አንበሴ እንዲወጣ ተስማሙ። ታዲያ የከብት ሹም አልነበሩም። ስለ ዝንጀሮ ለመምከር ጎረቤት አገር ሄደዋል፤ ቁልፉም ኪሳቸው ውስጥ ነው። እስኪመለሱ የማሳችን ላይኛው ግማሽ አለቀ። ከተመለሱ በኋላ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ያለ ሥነ ሥርዓት መከፈት የለበትም ተባለ። ለውባለም ስነግራት በጠፋው ድምፅዋ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች። ቀጠል አድርጋም «ግዴለም፣ ታችኛው ግማሽ አለ። ታችኛው ግማሽ ለዘር ይበቃናል» አለችኝ።

ቀኑ ደረሰ። ድንኳን ይተከል ሲባል ሜዳ ስለጠፋ የታችኛውን ግማሽ ጥግ አጨዱና ተከሉት። ክቡ ጠረጴዛ ከነወንበሮቹ ተጭኖ መጣ። ንግግር ተደረገ። የአዝመራ ሹም ተናገሩ፣ የከብት ሹም የአዝመራ ሹም ያሉትን ተናገሩ፣ የገበያ ሹም ሁለቱን አመሰገኑ። ይህ ሁሉ ሲሆን ዝንጀሮዎቹ ከድንኳኑ ጀርባ እየበሉ ነበር። በመጨረሻ ሦስቱ ቁልፎች ተሰበሰቡ፣ ሣጥኑ ተከፈተ፣ አንበሴ ለውባለም ተሰጣት።

ውባለም ተንበረከከች። ጅማቱን ሰም ቀባች፣ በሁለት እጇ ያዘችና ሳበች።

እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚያ በፊት አልሰማሁም። የጓንጉል በሬዎች ተኙ። ዝንጀሮዎቹ አፋቸው ውስጥ ያለውን ጥለው ገደሉን ሽቅብ ወጡ፤ አንካሳው ከፊት ነበር። እልልታው ቀለጠ። እኔ አለቀስኩ፣ አጠገቤ ያለውን የማላውቀውን ሰው አቀፍኩት። ሠራልን! መሬቱ ቀረልን አልኩ።

ውባለም መሳቧን አላቆመችም። ዝንጀሮዎቹ ገደሉ ጫፍ ደርሰው ወደ ኋላ እያዩ ወደ ሸንተረሩ ያዘግሙ ነበር። የአዝመራ ሹም መጡና ከበላይዋ ቆሙ።

«በጣም ጥሩ። እናመሰግናለን፤ በቃ።»

«ሸንተረሩን አልተሻገሩም፣ ጌታዬ» አለች ሳትዞር።

«ማሳው ነጻ ወጥቷል እኮ! ምሳ ቀርቧል።»

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ በሞቴ። እየሄዱ ነው። ያውልዎ፣ ይዩዋቸው፣ ትንሽ ነው የቀራቸው።»

«እመቤት፣ እንግዶች አሉ» አሉ ሹሙ፤ በትሕትና ጎንበስ ብለው ጅማቱን ከእጇ ወሰዱት። እኔ «ተዉአት! ተዉአት እባካችሁ!» ብዬ ጮኽኩ። ከእልልታው የተነሳ አልተሰማሁም።

ከገደሉ በላይ የመጨረሻዎቹ ቆሙ። ቀጥሎ ፊተኞቹ ቆሙ። ቁጭ አሉ።

ከምሳ በኋላ እንግዶቹ አንበሴን ለመሞከር ተሰለፉ። በሰው እጅ ያለ ከበሮ ሲያዩት ያምር ሲይዙት ያደናግር ነውና አንዱ ስቦ እንደ አህያ አስጮኸው፣ አንዱ እንደ በር ሲጢጥ አሰኘው፣ ሳቁ ሌላ። ጓንጉልም በሬዎቹን ነድቶ መጣና «ለእነዚህ አንድ ጊዜ ብቻ» ብሎ ለመነ፤ ተፈቀደለት። ውባለም መሬት ላይ እንደተንበረከከች ገደሉን ታይ ነበር። «አዳመጡ» አለችኝ። «አለቀ፤ አዳመጡ።»

ፀሐይ ዘንበል ስትል አንካሳው ብቻውን ወረደ። በማሽላው መካከል አልፎ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። የአዝመራ ሹም ከወንበራቸው ብድግ አሉ። አንካሳው ወንበሩ ላይ ወጣና ተቀመጠ፤ ከፊቱ ያለውን ዳቦ አንስቶ ቆረሰ። አንድ አሽከር አንበሴን ጆሮው ሥር አምጥቶ በኃይል ሳበ። አንካሳው ጆሮውን አከከ። ከዚያ ሌሎቹ ወረዱ።

ሸንጎው በማግስቱ ባወጣው ቃል አንበሴ በተሳካ ሁኔታ መሞከሩን፣ ክትትሉም እንደሚጠናከር አስታወቀ። ስለ አንካሳው የተባለ ነገር የለም። ወንበሩ ግን ተቀይሯል ይባላል።

እኛ ጋ አገዳ ብቻ ቀረ። ጓንጉል መሬቱን ሊረከብ ሲመጣ ዓይናችንን ማየት አፍሮ ነበር፤ ክፉ ሰው አይደለም። ውባለም የአባቷን መቃብር እንዲያጥርላት ለመነችው። «በአባትሽ፣ ግዴለሽም» አላት። «እኔ ነብሬ አለኝ።»

ከዚያ አገር መውጫው በሸንተረሩ በኩል ብቻ ነው። ዕቃችንን በበቅሎ ጭነን ገደሉን በጠባቡ መንገድ ወጣን። ዝንጀሮዎቹ ጫፉ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንድም የሚጮህ የለም፣ አንድም የሚወረውር የለም። በመካከላቸው ስናልፍ በዓይናቸው ይከተሉናል።

«ምን እያዩ ነው?» አልኳት።

«ይጠብቃሉ» አለች ውባለም።

እሷና በቅሎዋ ቀደሙኝ። እኔ ሸንተረሩ ላይ ስደርስ ዞር ብዬ አየሁ፤ አንዳቸውም ከቦታቸው አልተነሱም። ተሻገርኩ። ከወዲያ በኩል ድንጋይ ተከልዬ አጮልቄ ሳይ አንካሳው ተነሳ፣ ሌሎቹም ተከትለውት ወደ ማሳው ወረዱ።